ክንፉ ተሰጠ፣ ጋሻው ተነፈገ፦ የአሜሪካ ሴት አብራሪዎች ዓርማ እና ያላለቀው ሙግት

በጃንዋሪ 2025 መገባደጃ ላይ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ሳን አንቶኒዮ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የላክላንድ የአየር ኃይል ማሰልጠኛ ለአዲስ ምልምሎች ይታዩ የነበሩ አጫጭር ፊልሞች ከትምህርቱ ተነሡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከፊልሞቹ አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተሰለፉት የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች፣ ሌላው ደግሞ በዚያው ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ስላበረሩ ሴቶች የሚያወሳ ነበር። ምክንያቱም አዲሱ አስተዳደር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገኙ የብዝኃነትና የአካታችነት መርሐ ግብሮች እንዲቋረጡ ያወጣው ትእዛዝ ሲሆን፣ ማሰልጠኛው ፊልሞቹን የያዘውን ትምህርት መርምሮ ለመከለስ በሚል አነሣው። የአላባማ ሴናተር ተቃውሞ አሰሙ፤ አዲሱ የመከላከያ ሚኒስትርም ውሳኔው መሻሩን አስታወቁ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊልሞቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ነገሩ የደቂቃዎች ርዝመት ስላለው ፊልም የተነሣ የቢሮ ግርግር ሊመስል ይችላል። ለእነዚያ ሴቶችና ለልጆቻቸው ግን ተሰጥቶ ሲነሣ፣ ተነሥቶ ሲመለስ ያዩት ነገር ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። የነገሩን ሥር መርምሮ ለማየት ደግሞ ከየትኛውም መዝገብ ይልቅ አንዲት ትንሽ ዕቃ ትበቃለች፤ እርሷም በግራ ደረታቸው ላይ የሰኩት የብር ክንፍ ናት።

በአሜሪካ ጦር ልማድ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ፣ የበረራ ስልጠናውን የጨረሰ ወታደር ሁለት የተዘረጉ ክንፎች ያሉት የብር ዓርማ በደረቱ ላይ ይሰካለታል። በክንፎቹ መካከል ጋሻ አለ። ክንፎቹ ሙያውን ይናገራሉ፤ ይህ ሰው ማብረር ይችላል ይላሉ። ጋሻው ግን የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የማን እንደሆነ፣ ቢሞት ማን እንደሚቀብረው፣ ቢቆስል ማን እንደሚጦረው ያመለክታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። በእኛ ቋንቋ ጋሻ የጦር ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመሬት መለኪያም ነበር፤ አንድ ጋሻ መሬት በግምት 40 ሄክታር ይባላል። ጋሻ ባለበት አገልግሎት አለ፣ አገልግሎት ባለበትም መብት ይከተላል የሚለው አስተሳሰብ በቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። የአሜሪካ ሴት አብራሪዎች ዓርማ ታሪክም በአብዛኛው የዚህች በክንፎች መካከል ያለች የጋሻ ቦታ ታሪክ ነው።

በ1942 አሜሪካ ጦርነቱን ከገባች ብዙም ሳይቆይ የአብራሪ እጥረት ገጠማት። ፋብሪካዎቹ አውሮፕላን በየቀኑ ያወጣሉ፤ ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር የሚያደርሳቸው ሰው ግን ጠፋ፤ ወንዶቹ አብራሪዎች ወደ ግንባር ይፈለጉ ነበርና። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ናንሲ ላቭ የተባሉ አብራሪ ብዙ የበረራ ሰዓት ያላቸውን 28 ሴቶች ይዘው በዴላዌር ግዛት አውሮፕላን የማድረስ ሥራ ጀመሩ። ከእርሳቸው ጎን ለጎን፣ በፍጥነት ውድድር ስመ ጥር የነበሩት ጃክሊን ኮክራን በሂውስተን ከተማ ሌሎች ሴቶችን ከመሠረቱ የሚያሰለጥን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይኸው ትምህርት ቤት ብዙም ሳይቆይ በምዕራብ ቴክሳስ፣ ከብት አርቢዎችና ጥጥ አምራቾች ወደሚኖሩባት ስዊትዋተር ወደተባለች ትንሽ ከተማ ተዛወረ። በኦገስት 1943 ሁለቱ ቡድኖች ተጣምረው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ "ዋስፕ" ተባሉ፤ ቃሉ በዚያው ቋንቋ ተርብ ማለት ነው። ከ25 ሺህ በላይ ሴቶች አመለከቱ፤ 1 ሺህ 830 ተቀበሉ፤ 1 ሺህ 74ቱ ተመረቁ።

የመጀመሪያው ክፍል በኤፕሪል 1943 ሲመረቅ አንድ የሚያሳፍር ነገር ተገለጠ። ጦሩ ለእነዚህ ተመራቂዎች የሚሰካላቸው ዓርማ አልነበረውም። ሴቶቹ ወታደሮች አልነበሩም፤ በሕግ ፊት ለመንግሥት የሚሠሩ ሲቪል ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ ስለዚህ የወታደር አብራሪ ክንፍ በደንቡ አይገባቸውም። ኮክራን መፍትሔ ያደረጉት ገንዘባቸውን ነው። ክንፎቹን በራሳቸው ወጪ ገዝተው፣ የሀገሩ ጋሻ በሚያርፍበት በመካከለኛው ቦታ ላይ የክፍሉ ቁጥር እንዲቀረጽበት አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተመረቁት ሴቶች ደረታቸው ላይ የሰኩት እንግዲህ የመንግሥት ሽልማት ሳይሆን የአለቃቸው ስጦታ ነበር። የናንሲ ላቭ ቡድን አባላት በበኩላቸው የጦሩ የአየር ማመላለሻ ዕዝ ለሲቪል አብራሪዎች የሚሰጠውን ክንፍ ለበሱ። አንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚያበርሩ ሴቶች የተለያየ ክንፍ ይዘው መገናኘታቸው፣ ጦሩ እነርሱን የት እንደሚያስቀምጣቸው አለማወቁን ያሳይ ነበር።

ወደ 1943 መጨረሻ ለዋስፖች ብቻ የተሠራ ይፋዊ ክንፍ ጸደቀ። ክንፎቹ እንደ ወንዶቹ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ጋሻ የለም። በጋሻው ፋንታ በጫፉ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን፣ በካርታ ጨዋታ ዳይመንድ የሚባለውን የሚመስል ቅርጽ ተቀመጠ። ቅርጹ የአቴና ጋሻ ምሳሌ ነው ተባለ፤ አቴና በጥንታዊት ግሪክ የጥበብና የጦርነት አምላክ ተደርጋ የምትመለክ ነበረች። ትርጉሙ ያማረ ነው። ነገር ግን ያው ቅርጽ በአውሮፓ የዓርማ ሥርዓት ውስጥ ከዚያ የቀደመ ሌላ ትርጉም አለው። በእንግሊዝ ልማድ የቤተሰብ ዓርማ በጋሻ ላይ የሚቀመጠው ለወንድ ነው፤ ጋሻ ተሸክሞ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደው እርሱ ነውና። ያላገባች ሴትና ባሏ የሞተባት ሴት ግን የአባታቸውን ወይም የባላቸውን ዓርማ የሚያሳዩት በዚሁ በዳይመንድ ቅርጽ ላይ ነው። ንድፉን ያወጡት ሰዎች የትኛውን ትርጉም አስበው እንደመረጡ መከራከር ይቻላል፤ ውጤቱ ግን አያከራክርም። ዓርማውን ከሩቅ ያየ ወታደር አብራሪ መሆኗን ያውቃል፤ ቀረብ ሲል ደግሞ ከሠራዊቱ አለመሆኗን ይረዳል።

በዚያ ዘመን ሌሎች ሀገሮች ያደረጉትን ማየት ነገሩን ያጎላዋል። በብሪታኒያ አውሮፕላን የሚያመላልሰው ድርጅትም ሲቪል ነበር፤ ሆኖም የድርጅቱን ምህጻረ ቃል በመካከሉ የያዘውን በወርቃማ ክር የተጠለፈ ክንፍ ወንዱም ሴቷም እኩል ይለብሱት ነበር፤ በ1943 ደመወዛቸውም እኩል ሆነ። በሶቪየት ኅብረት አብራሪዎቿና መካኒኮቿ ሁሉ ሴቶች የነበሩባት፣ በሌሊት ቦምብ የምትጥል ክፍለ ጦር በፌብሩዋሪ 1943 የ"ጓርድ" ማዕረግ ስታገኝ፣ የተሰጣት ባጅ ለወንዶቹ ጓዶች የሚሰጠው ያው ባጅ ነው። እነዚያ ሴቶች ከእግራቸው የሚሰፋ የወንድ ቦት ጫማ እያደረጉ የተዋጉ ቢሆንም፣ ባጃቸው ልክ ነበር። ለሴት የተለየ ቅርጽ መፍጠር አስገዳጅ አልነበረም ማለት ነው፤ በአሜሪካ የተመረጠ መንገድ ነበር።

ስለ ልብሳቸውም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በስልጠና ወቅት የተሰጣቸው ያገለገለ የወንድ የበረራ ቱታ ነበር፤ እጅጌውንና እግሩን ደጋግመው እየጠቀለሉ ይለብሱት ነበር። ለሰልፍ የሚሆን ሱሪና ነጭ ሸሚዝ የገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። ይፋዊ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ያገኙት በ1944 መጀመሪያ፣ ሊበተኑ ወራት ሲቀራቸው ነበር። በቆዳ ጃኬታቸው ላይ ደግሞ ፊፊኔላ የምትባል ቀይ ቦት ያጠለቀች ባለ ክንፍ ትንሽ ፍጡር የተሣለበት ዓርማ ይሰፉ ነበር፤ ሥዕሉን የሠራላቸው የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ነው። ይህች የካርቱን ሥዕል በሴቶቹ ዘንድ ከብሩ ክንፍ ባልተናነሰ መወደዷ ይነገራል። ምናልባት ከሁሉም ዓርማዎቻቸው ማንም ሊከለክላቸው ያልሞከረው እርሷን ብቻ ስለነበር ይሆናል።

ሥራቸው ቀላል አልነበረም። 78 ዓይነት አውሮፕላኖችን አብርረዋል፤ ከ12 ሺህ 600 በላይ አውሮፕላኖችን ከቦታ ቦታ አድርሰዋል፤ በድምሩ 60 ሚሊዮን ማይል ያህል በረዋል። ከአውሮፕላናቸው ኋላ በረጅም ገመድ የጨርቅ ዒላማ እየጎተቱ፣ መሬት ላይ ያሉ ምልምል ተኳሾች በእውነተኛ ጥይት ወደዚያ ጨርቅ እንዲተኩሱ ያደርጉ ነበር፤ ጥይቱ አንዳንዴ ከጨርቁ አልፎ አውሮፕላኑን ይመታል። በ1944 ወንዶቹ የፈሩትን ቢ-29 የተባለ ግዙፍ ቦምብ ጣይ ሁለት ዋስፖች ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር እያበረሩ አሳዩ፤ ዓላማውም ሴቶች ካበረሩት እናንተም ትችላላችሁ ብሎ ወንዶቹን ማሳፈር ነበር። የተማሩባቸው አውሮፕላኖችም ለገበሬ ባዳ አይደሉም። በኋለኞቹ ክፍሎች ሴቶቹ የሰለጠኑበት ስቲርማን የተባለው ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን፣ ከጦርነቱ በኋላ በርካሽ ተሸጦ በሺዎች በሚቆጠር ብዛት ፀረ ተባይ ኬሚካል ረጪ ሆኗል። የበረሃ አንበጣና የግሪሳ ወፍ በመጣ ጊዜ በእኛም ሰማይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ የሚታዩት ረጪ አውሮፕላኖች፣ በሥራ ዝርያ ከዚያ ትውልድ የሚቆጠሩ ናቸው።

38 ሴቶች ሞቱ፤ 11 በስልጠና ላይ፣ 27 በሥራ ላይ። በሥራ ላይ ከሞቱት ቀዳሚዋ ኮርኔሊያ ፎርት ነበሩ። ፐርል ሃርበር በተደበደበ ዕለት ማለዳ በዚያው ሰማይ ተማሪ እያስተማሩ የነበሩና የጃፓን አውሮፕላኖችን በዓይናቸው ያዩ ሴት ሲሆኑ፣ በማርች 1943 በቴክሳስ ሰማይ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭተው አረፉ። በጋሻና በዳይመንድ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጋሻ ያለበት ክንፍ የሰካ ወታደር ሲሞት አስከሬኑን መንግሥት ወደ ቤተሰቡ ይልካል፣ ሳጥኑ በሰንደቅ ዓላማ ይሸፈናል፣ ለቤተሰቡ የመድን ገንዘብ ይከፈላል። ዋስፕ ስትሞት ይህ ሁሉ የለም። ጓደኞቿ ከደመወዛቸው ገንዘብ እያዋጡ አስከሬኗን በባቡር ይልኩ ነበር፤ ደመወዛቸውም በስልጠና ላይ በወር 150፣ ከተመረቁ በኋላ 250 ዶላር ሲሆን፣ ምግብና ማደሪያ ከዚያው ይከፈላል። ሳጥኑን በባንዲራ መሸፈን በደንብ አልተፈቀደም። የቻይና ተወላጅ የሆኑት ሄዘል ዪንግ ሊ በ1944 መጨረሻ በሞንታና ግዛት በደረሰ አደጋ ሲሞቱ፣ ቤተሰባቸው የመረጠው የመቃብር ስፍራ በዘራቸው ምክንያት አንቀብርም እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

ዘር ከተነሣ፣ ዳይመንዱን እንኳ ስላላገኙት ሴት መናገር ያስፈልጋል፤ የእኚህ ሴት ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋርም ይገናኛል። ጃኔት ሃርመን ብራግ በሙያቸው ነርስ የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በቺካጎ ማብረር ሲማሩ ካስተማሯቸው አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነበሩ፤ በ1935 ፋሺስት ጣልያን ሊወርር ሲነሣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የሀገሪቱን ጥቂት አውሮፕላኖች የመሩት፣ ከድል በኋላ ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ያሰለጠኑትና በ1954 በአዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ያረፉት እኒያው ሮቢንሰን ናቸው። ብራግ የቺካጎዎቹ ጥቁር አብራሪዎች የሚለማመዱበትን አውሮፕላን በራሳቸው ገንዘብ የገዙ ሴት ነበሩ። ዋስፕ ለመሆን ሲያመለክቱ ጥቁር በመሆናቸው ተመለሱ። የንግድ በረራ ፈቃድ ለማግኘት ወደ ተስኪጊ ወርደው ተፈተኑ፤ ፈተናውን ቢያልፉም ፈታኙ ለጥቁር ሴት ፈቃድ አልሰጥም አላቸው። ወደ ቺካጎ ተመልሰው ዳግመኛ በመፈተን ፈቃዱን አገኙ። በኋላ ዘመን በዚያችው ከተማ ይማሩ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንደ እናት ሆነው ቤታቸውን ከፈቱ፤ ኢትዮጵያንም ጎበኙ። እንግዲህ በላክላንድ አብረው የተነሡት ሁለቱ ፊልሞች፣ የጥቁር ወንዶቹና የሴቶቹ፣ ብራግን ሁለቱም አያካትቷቸውም፤ በአንደኛው ወንድ ባለመሆናቸው፣ በሁለተኛው ነጭ ባለመሆናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ በጁን 1944 ዋስፖችን ወታደር የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ሄንሪ አርኖልድ ደገፉት። ሆኖም ወቅቱ ክፉ ነበር። የጦርነቱ ሚዛን ወደ ድል በማዘንበሉ የሲቪል በረራ ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ፣ አስተማሪ የነበሩ ወንዶች ወደ እግረኛ ጦር እንዳይመለመሉ ሠግተው ነበር። እነዚህ ወንዶች የሴቶቹን ቦታ ለእኛ ስጡን እያሉ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ አዘነቡ፤ ብዙ ጋዜጦችም አገዟቸው። ረቂቁ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ወደቀ። በዲሴምበር 20 ቀን 1944 ዋስፕ ተበተነ። ሴቶቹ ወደየቤታቸው የተመለሱት በራሳቸው የጉዞ ወጪ ሲሆን፣ የሥራቸው መዝገብ ምስጢር ተብሎ ለሦስት አሠርት ዓመታት ያህል ተቆለፈበት። የይዞታ ደብተር ሳይኖረው ለዓመታት ያረሰ ገበሬ ክርክር ሲነሣበት የሚደርስበትን የሚያውቅ ሰው፣ መዝገብ መቆለፉ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ምስክሩ ሁሉ እያለ ማስረጃ ይጠፋል።

ሙግቱ እንደገና የተነሣው በአንድ የዜና ስህተት ነው ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ አየር ኃይሉ ሴቶችን ለአብራሪነት ሊያሰለጥን መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የአሜሪካን ወታደራዊ አውሮፕላን ሊያበርሩ ነው ተብሎ ተነገረ። በዚያን ጊዜ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸው ዋስፖች ዜናውን ሰምተው ተቆጡ፤ ተጠራሩ፤ ዋሽንግተን ደረሱ። ሁለት ደጋፊዎች በተለይ ረዷቸው። አንዱ በጦርነቱ ጊዜ ራሳቸው አውሮፕላን ያመላልሱ የነበሩት ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር፣ ሌላው የጄኔራል አርኖልድ ልጅ ኮሎኔል ብሩስ አርኖልድ ነበሩ። ተቃዋሚዎቻቸው ግን ያልተጠበቁ ነበሩ፤ ታላላቅ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና የመንግሥቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ናቸው። ለእነዚህ ከፈቀድን ሌላውም ሲቪል ይጠይቃል፣ የቀድሞ ወታደር የሚለው ስም ዋጋ ያጣል የሚል ነበር ክርክራቸው። ክርክሩ ጨርሶ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ በጦርነቱ ጊዜ ሳይቀጠሩ የወታደር ያህል የተጎዱ ሌሎች ሲቪሎች ነበሩና። ሴቶቹ ግን በወታደር ትእዛዝ እንደኖሩ፣ ሰላምታ እንደሰጡ፣ ምስጢራዊ መሣሪያ ያለበትን አውሮፕላን ሲያደርሱ ሽጉጥ እንደታጠቁ በማስረጃ አቀረቡ። ከሁሉ በላይ ፍርዱን ያጋደለው አንዲት የቀድሞ አባል በቤቷ ያስቀመጠችው ቁራሽ ወረቀት ነው ይባላል። ከሥራ ስትሰናበት አዛዧ የሰጣት ይህ የስንብት ወረቀት፣ ለወንድ ወታደሮች የሚሰጠውን ቃል ሳይለውጥ የተጻፈ ነበር።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሕጉን በኖቬምበር 23 ቀን 1977 ፈረሙ። ከ1944 እስከ 1977 ያለው 33 ዓመት ነው። የስንብት ወረቀታቸውን ያገኙት ደግሞ በ1979፣ የጦርነቱን ሜዳሊያ ያገኙት በ1984 ሲሆን፣ ሜዳሊያው ለብዙዎቹ በፖስታ ነው የደረሳቸው።

ከሕጉ መፈረም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1977፣ በአሪዞና ግዛት አሥር ሴቶች የአየር ኃይሉን የአብራሪነት ስልጠና ፈጽመው ተመረቁ። ደረታቸው ላይ የተሰካው የወንዶቹ ክንፍ ነው፤ በመካከሉም ጋሻ አለ። የባሕር ኃይሉና ምድር ጦሩ ከዚያ በፊት በ1974 ተመሳሳዩን አድርገው ነበር። ለሴት የተለየ ቅርጽ የሚያወጣ ማንም አልተነሣም፤ ዳይመንዱ ከዋስፖች ጋር ተጀምሮ ከእነርሱ ጋር ቀረ። አዲሶቹ ሴቶች ያንን ቅርጽ ባይለብሱትም አልረሱትም። የአየር ኃይሉ የአየር ትርኢት ቡድን የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ የነበሩት ኒኮል ማላካውስኪ ለዋስፖች የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ እንዲሰጥ ከሚሟገቱት ግንባር ቀደሟ ሆኑ። ሕጉ በ2009 ጸደቀ፤ በማርች 2010 በኮንግረሱ ሕንፃ ሜዳሊያው ሲሰጥ፣ በሕይወት የነበሩት ሽማግሌ አብራሪዎች ብዙዎቹ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ፣ የድሮውን ባለ ዳይመንድ ክንፍ ደረታቸው ላይ ሰክተው ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃ ይመስል ነበር፤ አላበቃም። ከዋሽንግተን ጥግ የሚገኘው የአርሊንግተን ብሔራዊ የመቃብር ስፍራ በምድር ጦሩ የሚተዳደር ነው። ጦሩ በ2002 ዋስፖች በወታደራዊ ክብር አመዳቸው እንዲያርፍበት ፈቅዶ ነበር። ፈቃዱ ግን የአስተዳደር ውሳኔ እንጂ ሕግ አልነበረም። በ2015 መጀመሪያ ቦታው እየጠበበ ነው በሚል ምክንያት የጦሩ ሚኒስትር ፈቃዱን አነሡ፤ የ1977ቱ ሕግ ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጥቅማ ጥቅም ብቻ የሚያገለግል እንጂ አርሊንግተንን አይመለከትም ተባለ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ኢሌይን ሃርመን የተባሉ የ95 ዓመት ዋስፕ አረፉ፤ ምኞታቸው በዚያ ስፍራ ማረፍ እንደነበር በእጃቸው ጽፈው ትተዋል። ቤተሰባቸው ተቃውሞ አሰባሰበ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። አመዳቸው በልጃቸው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ።

የዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ፍሬ ነገር ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይታያል። "የሰጠ ቢነሣ የለበትም ወቀሳ" ይባላል፤ በቢሮ ደብዳቤ የተሰጠ ነገር በዚህ ብሂል የሚገዛ ይመስላል። ኮክራን በገንዘባቸው የገዙት ክንፍ ስጦታ ነበር፤ የ2002ቱ የመቃብር ፈቃድ የሚኒስትር ውሳኔ ነበር፤ የላክላንዱ ፊልምም የማሰልጠኛ ኃላፊዎች ምርጫ ነበር። ሦስቱም ከሰጪው ፈቃድ ያለፈ ዋስትና አልነበራቸውም። የ1977ቱና የ2009ኙ ሕጎች ግን በጃንዋሪ 2025 ማንም አልነካቸውም፤ ማንም ሊነካቸው እንደሚሻ እንኳ አልተሰማም። ፊልሙን ያነሡት ሰዎች ክፋት አስበው ነበር ማለት አይቻልም፤ ምናልባትም በአዲስ ትእዛዝ ፊት ከመቀጣት መጠንቀቅን የመረጡ ሠራተኞች ነበሩ። ሴናተሯ በበኩላቸው ትእዛዙን ለማሳጣት ሆን ተብሎ የተደረገ መታዘዝ ነው ብለው ነበር። የቱም ይሁን፣ የሴቶቹ ስም በአንድ ቀን ከትምህርቱ ወጥቶ በሌላ ቀን ሊገባ መቻሉ አቋሙን ያሳያል። በማርች 2025 የአሶሼትድ ፕሬስ ዜና ወኪል እንደዘገበው፣ በመከላከያ ሚኒስቴሩ ድረ ገጾች እንዲጠፉ ምልክት የተደረገባቸው ምስሎች ከ26 ሺህ በላይ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለው "ኢኖላ ጌይ" አውሮፕላን ምስል እንኳ ይገኝበታል፤ ለጥርጣሬ የዳረገው በስሙ ውስጥ ያለው ቃል መሆኑ ግልጽ ይመስላል። ያንን አውሮፕላን ወደ ሂሮሺማ ያበረሩት ፖል ቲቤትስ፣ ሁለቱን ዋስፖች ቢ-29 ያስተማሩት ሰው ናቸው።

ዛሬ በሕይወት የቀሩት ዋስፖች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም መቶን የተሻገረ ወይም የተጠጋ ነው። በስዊትዋተር፣ በቀድሞው ማሰልጠኛ ሜዳ ላይ ክንፎቻቸውንና ልብሶቻቸውን የሚያሳይ ሙዚየም አለ። ለምልምሎች የሚታየው ፊልም ተመልሷል፤ እስከ ቀጣዩ ክለሳ ድረስ ይቆያል።

የአርሊንግተኑ ጉዳይ ያበቃው ግን በሕግ ነው። በሜይ 2016 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የፈረሙት ሕግ ዋስፖች በአርሊንግተን እንዲያርፉ ፈቀደ። ፈቃዱ ለተቃጠለ አስከሬን አመድ እንጂ በመሬት ውስጥ ለሚቆፈር መቃብር አይደለም፤ ቦታ ይጠብባል የሚለው ክርክር እስከ መጨረሻው ድርሻውን ወስዷል። በሴፕቴምበር 7 ቀን 2016 የኢሌይን ሃርመን አመድ ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ወደ አርሊንግተን ገባ። ጥይት ተተኮሰላቸው፤ ጥሩምባ ተነፋላቸው፤ በ1944 ለሟች ጓደኞቻቸው ያልተፈቀደው ሰንደቅ ዓላማም ተጣጥፎ ለቤተሰባቸው ተሰጠ።